ትልልቅ የሕንፃ መረጃ ሞዴሎችን ለሳኒተሪ፣ ለኤሌክትሪክና ለሜካኒካል ዲዛይን ማስተዳደር፦ ዝርዝር መመሪያ

የአንድ ትልቅ ሆቴል ወይም ሆስፒታል የሳኒተሪ፣ የኤሌክትሪክና የሜካኒካል ሞዴል ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ሥራው ይጓተታል። ፋይሉ እስኪከፈት ቡና ተፈልቶ ይደርሳል፤ አንድ ቧንቧ ሲነካ ስክሪኑ ይደርቃል፤ ቡድኑ በጋራ ከሚሠራበት ማዕከላዊ ፋይል ጋር ለማመሳሰል ባለሙያዎች ተራ ይጠብቃሉ። አብዛኛው ቢሮ መጀመሪያ የሚያስበው የኮምፒውተሩን ራም ማሳደግ ነው። ይህ ይጠቅማል፤ ነገር ግን በአግባቡ ያልተከፈለ ሞዴል የጨመሩለትን ራም ሁሉ ይበላል።

መመሪያው የተጻፈው ሬቪት የተባለውን የአውቶዴስክ የሕንፃ ሞዴል መሥሪያ ሶፍትዌር ለሚጠቀሙ ባለሙያዎች ሲሆን የሚመራበት ሐሳብ አንድ ነው፦ የፋይሉ ወሰን፣ የምህንድስናው ሥርዓት በራሱ ወሰን ባለው ቦታ ላይ መዋል አለበት። ውኃው በቆጣሪና በቫልቭ፣ ኤሌክትሪኩ በፓናል፣ አየሩ በማሽን የሚለካበትና የሚዘጋበት ቦታ ላይ የተከፈለ ሞዴል ለዓመታት ሳይከብድ ያሠራል። በወለል ቁጥር ወይም በሠራተኛ ብዛት የተከፈለ ሞዴል ግን ፋይሉ ብቻ ሳይሆን ስሌቱም አብሮ ይቆራረጣል።

ነገሩን ለማየት እንዲመች አንድ ምናባዊ ፕሮጀክት እንያዝ። በሐዋሳ ሐይቅ አቅራቢያ የሚሠራ ባለ አሥር ወለል ሆቴል ነው፤ ከጎኑ የስብሰባ አዳራሽ፣ ከኋላው ደግሞ የጄኔሬተር፣ የፓምፕና የልብስ ማጠቢያ ክፍሎችን የያዘ አነስተኛ ሕንፃ አለው። አርክቴክቱ አዲስ አበባ፣ የእኛ ቡድን ሐዋሳ ነው እንበል።

1. አንድም ቧንቧ ከመሣሉ በፊት የሚጻፈው ስምምነት

ከሁለት ወይም ከሦስት ገጽ የማይበልጥ የሥራ ስምምነት ያዘጋጁና አርክቴክቱም የስትራክቸር መሐንዲሱም እንዲፈርሙበት ያድርጉ። በመጀመሪያ የሶፍትዌሩ የዓመት ሥሪት ይወሰን። ሬቪት በአዲስ ሥሪት የተቀመጠን ፋይል በአሮጌው ሥሪት አይከፍትም፤ ስለዚህ አንድ ሰው ሳያስተውል ማዕከላዊውን ፋይል በአዲሱ ሥሪት ከፍቶ ካስቀመጠው ቡድኑ በሙሉ ወይ አብሮ መሸጋገር ወይ ወደ መጠባበቂያ ቅጂ መመለስ ይኖርበታል።

ቀጥሎ የፎልደር አደረጃጀት ይወሰናል። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጡት፣ የሕንፃ መረጃ አያያዝ ዓለም አቀፍ ደረጃ የሆነው የአይኤስኦ 19650 የመጀመሪያ ሁለት ክፍሎች መረጃን በአራት ደረጃ ይለያሉ፦ በሥራ ላይ ያለ፣ ለሌሎች የተጋራ፣ የጸደቀ እና በመዝገብ የተቀመጠ። ለአነስተኛ ቢሮ ይህ በተግባር አራት ፎልደር ከመክፈት አያልፍም፤ ዋናው ቁም ነገር ግን ማንም ሰው ከሌላው ቡድን «በሥራ ላይ ያለ» ፎልደር ፋይል እንዳይወስድ መከልከሉ ነው። በሊንክ (ሳይዋሃድ ከሌላ ፋይል ጋር ተያይዞ) የሚገባ ፋይል ስም ላይ ቀን አይጻፍ፤ ስሙ በየሳምንቱ ከተለወጠ ሊንኩም በየሳምንቱ ይጠፋል። ቀን የሚጻፈው በመዝገብ በሚቀመጠው ቅጂ ላይ ነው።

ስሌቱ የሚከተለው ደረጃም እዚሁ ይጠቀስ። ከ1995 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ የሕንፃ ደረጃዎች መካከል ኢቢሲኤስ 9 የቧንቧ ሥራን፣ ኢቢሲኤስ 10 የኤሌክትሪክ ተከላን፣ ኢቢሲኤስ 11 የአየር ማናፈሻና ማቀዝቀዣን ይመለከታሉ። አሠሪው ሌላ ዓለም አቀፍ ደረጃ ከጠየቀ በሞዴሉ ውስጥ የሚሞሉት መለኪያዎች ይለያያሉና ይህን አጋማሽ ላይ መለወጥ አድካሚ ነው።

2. ኮኦርዲኔትና ከፍታ

ይህን ክፍል የሚዘል ሰው ብዙ ነው፤ በኋላ ግን ከሁሉም በላይ የሚያስከፍለው እሱ ነው። የሐዋሳ የቅየሳ ንድፍ በዩቲኤም (ቦታን በሜትር በሚለካ የካርታ ኮኦርዲኔት ሥርዓት) ዞን 37 ሲመጣ የከተማዋ ቦታ ወደ ምሥራቅ 440,000 ሜትር ገደማ፣ ወደ ሰሜን ደግሞ 780,000 ሜትር ገደማ ይሆናል። የሬቪት ጂኦሜትሪ ግን ከውስጣዊ መነሻ ነጥቡ በ16 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ መቆየት ይኖርበታል። የቅየሳውን ንድፍ በራሱ ቁጥር ልክ ያስገባ ሰው ሕንፃውን ከመነሻው በመቶዎች ኪሎ ሜትር አርቆ ይሥላል፤ ከዚያ በኋላ መስመሮች ይንቀጠቀጣሉ፣ ክብ ቅርጾች ይሰባበራሉ፣ የቧንቧ መገጣጠሚያዎች ያለ ግልጽ ምክንያት አልገናኝ ይላሉ።

ትክክለኛው አሠራር እንዲህ ነው። ሕንፃው በውስጣዊው መነሻ አጠገብ ይሣል፤ ለምሳሌ ሀ እና 1 የሚባሉት አክሲሶች የሚገናኙበት ነጥብ መነሻው ላይ ይዋል። የቅየሳው ንድፍ ለብቻው በተከፈተ የግቢ ፋይል ውስጥ በሊንክ ይገባል፤ አርክቴክቱም ከዚያ ፋይል «አኳየር ኮኦርዲኔትስ» በሚለው ትእዛዝ ትክክለኛውን የመሬት ቁጥር ይወስዳል። የእኛ ፋይሎች አርክቴክቱን ከውስጣዊ መነሻ ወደ ውስጣዊ መነሻ ይሰቅሉና የመሬቱን ቁጥር ከእሱ ይቀበላሉ። ሁሉም ቁጥሩን ከአንድ ምንጭ ከወሰደ በኋላ የአርክቴክቱን ፋይል በእጅ ማንቀሳቀስ ለማንም አይፈቀድም፤ ሊንኩ በፒን ይቸንከር።

ከፍታው ሌላ ጉዳይ ነው። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ቀያሹ የሚጽፈው ቁጥርና አርክቴክቱ ዜሮ ብሎ የሚነሣበት ወለል ግንኙነታቸው በጽሑፍ መቀመጥ አለበት፤ የማንሆሎቹ ጥልቀት የሚወሰነው በዚህ ነው። ከዚህም ጋር የስሌት ቅንብሩ ይስተካከል። ሬቪት የአየርን ጥግግት በአንድ ሜትር ኪዩብ 1.2026 ኪሎ ግራም አድርጎ ይጀምራል፤ ይህ የባሕር ወለል ቁጥር ነው። በሐዋሳ ከፍታ የአየር ግፊቱ ወደ 82 ኪሎ ፓስካል ስለሚወርድ ጥግግቱ በ20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ 0.98 ገደማ ይሆናል። ያንኑ ሙቀት ለመውሰድ ብዙ መጠን ያለው አየር ያስፈልጋል ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ የደክቱን (የአየር ማስተላለፊያውን) ስፋት፣ በኮርኒስ ውስጥ የሚይዘውን ቦታና የማራገቢያውን ምርጫ ይነካል። ለፓምፕም ቢሆን የከባቢ አየሩ ግፊት በውኃ ዓምድ ሲለካ ከ10.3 ሜትር ወደ 8.4 ሜትር ገደማ ይወርዳልና ከመሬት በታች ካለ ገንዳ የሚስብ ፓምፕ ሲመረጥ ሊዘነጋ አይገባም። ቁጥሮቹን በቢሮው ቴምፕሌት ውስጥ አንድ ጊዜ ማስገባት በየፕሮጀክቱ ከማስታወስ ይሻላል።

3. ሞዴሉን መክፈል

በሬቪት ውስጥ በአንድ ፋይል ያለ ቧንቧ በሊንክ ከገባ ሌላ ፋይል ቧንቧ ጋር አይገናኝም፤ አንድ ሶኬትም በሌላ ፋይል ውስጥ ካለ ፓናል ሰርኪት መውሰድ አይችልም። የአርክቴክቱ ሞዴል በወለል ቢከፈል ግድግዳው ግድግዳ ሆኖ ይቀራል፤ የእኛ ግን ከጣሪያው ታንከር እስከ ምድር ቤት የሚወርደው የውኃ መስመር አሥር ቦታ ተቆርጦ በየቁራጩ ያለው ፍሰት ከዜሮ ይጀምራል። ስለዚህ ትልቅ ሕንፃን በወለል አትክፈሉ።

በምሳሌያችን ሆቴል እኔ የምመርጠው አከፋፈል ይህ ነው። የዋናው ሕንፃ ሳኒተሪ፣ ኤሌክትሪክና ሜካኒካል ሦስት ፋይል ይሆናሉ። አዳራሹ በራሱ የአየር ማሽን ስለሚሠራና የራሱ ፓናል ስላለው ሦስቱም ሥራዎች በአንድ ፋይል ይያዛሉ፤ የኋላው አነስተኛ ሕንፃም እንዲሁ። ስድስተኛው የግቢ ፋይል ሲሆን ማንሆሎችን፣ የውጭ የውኃ መስመርን፣ ከትራንስፎርመር የሚነሡ ኬብሎችንና የመንገድ መብራትን ይይዛል።

አሁን ወሰኖቹን እንይ። የውኃው መስመር ከግቢ ፋይል ወደ ሕንፃው የሚሻገረው ከሕንፃው ውጭ ባለው ዋና ቫልቭ ላይ ነው። ኤሌክትሪኩ የሚሻገረው በየሕንፃው ዋና ፓናል ላይ ሲሆን ፓናሉ የሚሣለው በሕንፃው ፋይል ውስጥ ነው። ፍሳሹ ከሕንፃው ወጥቶ በመጀመሪያው ማንሆል ላይ ይሻገራል። በእያንዳንዱ የወሰን ነጥብ ላይ አንድ ቀላል ፋሚሊ (በሬቪት ተደጋግሞ የሚቀመጥ ዝግጁ ዕቃ) ይቀመጥ፤ ቅርጹ ሣጥን ይሁን፣ ነገር ግን ትክክለኛ ኮኔክተር (ቧንቧ ወይም ኬብል የሚገናኝበት ነጥብ) ይኑረው፣ ከወሰኑ ማዶ የሚመጣው ፍሰት ወይም የኤሌክትሪክ ጭነት በቁጥር ይጻፍበት። በዚህ መንገድ የግቢው ፋይል የዋናውን ሕንፃ ሁሉንም ሶኬቶች ሳይጭን የኬብሉን ውፍረት ማስላት ይችላል።

ቁጥሮቹ እንዳይዘበራረቁ የወሰን ነጥቦች መዝገብ በኤክሴል ይያዝ። በየመስመሩ የነጥቡ መለያ፣ ኮኦርዲኔቱ፣ የቧንቧው ዲያሜትር ወይም የኬብሉ ዓይነት፣ ለፍሳሽ ከሆነ ኢንቨርት ሌቭሉ (የቧንቧው ውስጠኛ ታች ከፍታ)፣ የሚያልፈው ፍሰት ወይም ጭነት፣ ቁጥሩን የመለወጥ ሥልጣን ያለው ፋይል እና የመጨረሻው ለውጥ ቀን ይመዝገቡ። ሥልጣኑ የአንድ ወገን ብቻ ይሁን፦ ጭነቱን የሚወስነው ተጠቃሚው ሕንፃ ነው፣ የፍሳሹን የመጨረሻ ጥልቀት የሚወስነው ግቢው ነው። ይህን መዝገብ እንደ ቢሮክራሲ የሚያዩት ባለሙያዎች አሉ፤ ሁለት ፋይሎች ስለ አንድ ቧንቧ ሁለት የተለያየ ዲያሜትር ይዘው ለጨረታ ሲወጡ ግን ተቋራጩ የትኛውን ዋጋ እንደሚሞላ ማንም አይጠራጠርም።

መቼ ነው መክፈል የማያስፈልገው? ፋይሉ ከ150 ሜጋባይት በታች ሆኖ የሚያልቅ ከመሰለዎት አንድ ላይ ያቆዩት። ከ300 ሜጋባይት በላይ ከሄደ ግን እኔ ያለ ክርክር እከፍለዋለሁ። አውቶዴስክ ለረጅም ጊዜ ሲጠቅሰው በቆየው ግምት አንድ ሞዴል የፋይሉን መጠን እስከ 20 እጥፍ የሚደርስ ራም ይፈልጋል፤ 300 ሜጋባይት ወደ 6 ጊጋባይት ይጠጋል፤ በላዩ የአርክቴክቱና የስትራክቸሩ ሊንኮች ይደመራሉ። ኮምፒውተር ሲገዙም ብዙ ኮር ካለው ይልቅ የአንዱ ኮር ፍጥነት ከፍ ያለውን ይምረጡ፤ አብዛኛው የሬቪት የሥዕል ሥራ የሚሠራው በአንድ ኮር ነው።

4. ማዕከላዊ ፋይል፣ ወርክሴትና መብራት

ማዕከላዊው ፋይል በቢሮው ሰርቨር ላይ ይቀመጣል፤ እያንዳንዱ ባለሙያ በኮምፒውተሩ ኤስኤስዲ ላይ ባለ ሎካል ቅጂ ይሠራል፣ ቅጂውንም በየጧቱ አዲስ ያወጣል። ማዕከላዊውን ፋይል በጉግል ድራይቭ ወይም በድሮፕቦክስ ፎልደር ማስቀመጥ ፈጽሞ አይፈቀድ። እነዚህ አገልግሎቶች ፋይሉን እንደ አንድ ቁራጭ ስለሚያመሳስሉ የትኛው ኤለመንት በማን እጅ እንዳለ አያውቁም፤ ውጤቱም እርስ በርሱ የሚጣረስ ሁለት «ማዕከላዊ» ፋይል ነው። በሁለት ከተማ ሆኖ በአንድ ፋይል መሥራት የግድ ከሆነ ሬቪት ሰርቨር ወይም የአውቶዴስክ የደመና አገልግሎት ያስፈልጋል። በአዲስ አበባና በሐዋሳ መካከል ላለው ለምሳሌያችን ግን በተወሰነ ቀን ፋይል መለዋወጡ ይበቃል፤ ይህ በኢንተርኔት መቆራረጥም አይታወክም።

ወርክሴት፣ ማለትም በፋይሉ ውስጥ ኤለመንቶች የሚመደቡበት ክፍል፣ በሰው ስም አይከፈት። በሥርዓት ይከፈል፦ ቀዝቃዛ ውኃ፣ ሙቅ ውኃ፣ ፍሳሽ፣ እሳት ማጥፊያ፤ መብራት፣ ሶኬት፣ የኬብል ትሬይ። እያንዳንዱ ሊንክ ደግሞ የራሱ ወርክሴት ይኑረው፤ ፋይሉ ሲከፈት የማያስፈልገውን ሊንክ ወርክሴቱን ዘግቶ መግባት ይቻላል። እዚህ ላይ የሚሳሳት ብዙ ነው፦ በቪው ውስጥ የተደበቀ ነገር ከስክሪኑ ቢጠፋም ከራሙ አይወጣም፤ ራሙን የሚለቀው የተዘጋ ወርክሴት ነው። ሙሉ ወርክሴት በእጅ ይዞ መዋልም አያስፈልግም፤ ሬቪት የተነካውን ኤለመንት ብቻ እንዲያበድርዎት ይተዉት።

የማመሳሰያ ሰዓት ይከፋፈል። ሁሉም ለመውጣት ሲነሣ በ11 ሰዓት አንድ ላይ ቢያመሳስል ወረፋው ይረዝማል፣ ችኮላውም ስሕተት ይወልዳል። ለመብራት መጥፋት ዩፒኤስ የሚገዛ ቢሮ ብዙ ጊዜ ለሰርቨሩና ለኮምፒውተሮቹ ይገዛና የኔትወርክ ስዊቹን ይረሳል። ስዊቹ ከጠፋ ሁሉም ኮምፒውተር ቢበራም በመካሄድ ላይ ያለው ማመሳሰል መሀል ላይ ይቆረጣል።

5. የአርክቴክቱን ሞዴል መቀበል

የመጣው ፋይል በቀጥታ የቀድሞውን አይተካ። በመጀመሪያ ከማዕከላዊው ተለይቶ፣ «ኦዲት» (የፋይሉን ጉዳት የሚፈትሸው አማራጭ) ተመርጦ ይከፈት፤ አክሲሶቹና ወለሎቹ መንቀሳቀስ አለመንቀሳቀሳቸው ይታይ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ በቋሚ ስሙ በሊንክ ፎልደር ይቀመጥ። ሶፋና መጋረጃ የመሳሰሉት በተለየ ወርክሴት እንዲሆኑ አርክቴክቱን ቀድሞ መጠየቅ ትልቅ እፎይታ ነው። አርክቴክቱ በአርኪካድ የሚሠራ ከሆነ ሶፍትዌሮች ሞዴል በሚለዋወጡበት የጋራ ፎርማት በአይኤፍሲ ይላክ፤ ፎርማቱ በአይኤስኦ 16739 የተደነገገ ነው። ሊንኩ «ኦቨርሌይ» ይሁን፤ «አታችመንት» ከሆነ ፋይሉ በሌላ ፋይል በኩል ተንጠላጥሎ ይመጣና ያልተጠበቀ ክብደት ይጨምራል።

ኮፒ ሞኒተርን (ከሊንኩ ቀድቶ ለውጡን የሚከታተለውን ትእዛዝ) ለወለልና ለአክሲስ ብቻ ይጠቀሙ። መብራትን በአርክቴክቱ ኮርኒስ ላይ መለጠፍ መጀመሪያ ላይ ምቹ ይመስላል፤ አርክቴክቱ ኮርኒሱን አጥፍቶ እንደገና ሲሥለው ግን የወለሉ መብራቶች ሁሉ ያለ አስተናጋጅ ይቀራሉ። በራሳችን ፋይል ውስጥ ሪፈረንስ ፕሌን ሠርቶ በእሱ ላይ መስቀል ይሻላል። የኦቶካድ ንድፍም በሊንክ ይግባ እንጂ በ«ኢምፖርት» አይግባ፤ ገብቶ የተበተነ ንድፍ በሺዎች የሚቆጠሩ መስመሮችን በፋይሉ ውስጥ ይዘራል።

6. ፋሚሊና ስሌት

ከአምራቾች ድረ ገጽ የሚወርዱ ፋሚሊዎች ብዙ ጊዜ ለማስታወቂያ የተሠሩ ናቸው፤ የፓምፑ ብሎን ሳይቀር ተሥሏል። እንዲህ ያለ ፋሚሊ በ120 የመኝታ ክፍል ሲባዛ ምን እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም። ውጫዊ ልኩን፣ የጥገና ክፍተቱን፣ ኮኔክተሮቹንና መለኪያዎቹን አስቀርተው ቅርጹን ወደ ሣጥንና ሲሊንደር ያውርዱት። ከ1 ሜጋባይት የሚበልጥ ፋሚሊ ወደ ሞዴሉ ከመግባቱ በፊት ይታይ።

በእኛ ሞዴሎች ውስጥ ፍጥነትን በድብቅ የሚገድለው ግን ሥርዓት ያልተሰጠው ኤለመንት ነው። ኤፍ 9ን ተጭነው ሲስተም ብራውዘሩን ይክፈቱ፤ «አንአሳይንድ» በሚለው ሥር ያለው ዝርዝር ረጅም ከሆነ መጀመሪያ እሱን ያጽዱ። ቀጥሎ በእያንዳንዱ የቧንቧና የደክት ሥርዓት ዓይነት ውስጥ ያለውን የ«ካልኩሌሽንስ» ቅንብር ይመልከቱ። «ኦል» ላይ ካለ አንድ ቧንቧ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ፍሰትና የግፊት ኪሳራ በመላው መስመር እንደገና ይሰላል። በሥዕል ጊዜ «ፐርፎርማንስ» ላይ ያድርጉት፤ ዲያሜትር በሚወሰንበት ሳምንት ወደ «ኦል» ይመልሱት። የክፍሎች ይዘት ስሌትም እንዲሁ የሙቀት ጭነት ሲሰላ ብቻ ይብራ። በመነሻ ዲዛይን ደረጃ መስመሩን በ«ፕሌስሆልደር» ቧንቧና ደክት መሣል መገጣጠሚያዎቹን ሁሉ ለኋላ ያቆያል።

ቪውን በተመለከተ ነገሩ አጭር ነው። የመሥሪያና የማተሚያ ቪው ይለያዩ፣ መሥሪያው በ«ሚዲየም» የዝርዝር ደረጃ ይቆይ፤ በዚህ ደረጃ ቧንቧ በነጠላ መስመር ስለሚታይ ስክሪኑ ይቀልለዋል። ባለ ሦስት ገጽታ ቪው ያለ ሴክሽን ቦክስ አይከፈት።

7. ግጭትን መፈተሽ

ፋይሎቹ ተከፍለው ስለሚሠሩ በናቪስወርክስ ወይም በመሰል ፕሮግራም በየሳምንቱ አንድ ላይ ይምጡ። ሁሉን ከሁሉ ጋር መፈተሽ ማንም የማያነበው የሺህ መስመር ዝርዝር ያወጣል። በቅድሚያ የስበት ፍሳሽ ከኮንክሪት ቢም ጋር ይፈተሽ፤ ፍሳሽ ወደ ላይ መውጣት አይችልምና ሌላው ለእሱ ቦታ ይለቃል። በ2 በመቶ ዝቅታ የሚሄድ ቧንቧ በ12 ሜትር ርቀት 24 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል፤ ከሶሌታው ሥር ተነሥቶ ከኮርኒሱ በታች ብቅ የሚለው በዚህ ነው። ከዚያ ትልልቅ ደክቶች፣ ቀጥሎ የኬብል ትሬይ፣ በመጨረሻ ግፊት ያላቸው ቀጫጭን ቧንቧዎች ይታያሉ። የመጀመሪያው ዙር መቻቻያ 25 ሚሊ ሜትር ቢሆን ጥቃቅኑ ይጣራል።

ሐዋሳ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ናትና የመሬት መንቀጥቀጥ ማጠንከሪያ የሚይዘው ቦታ ከወዲሁ ይያዝ። ለትልልቅ ቧንቧዎችና ትሬዮች የማጠንከሪያ ዘንጎቹ የሚያርፉበትን ክፍተት በቀላል ሣጥን ሠርተው በፍተሻው ውስጥ ያስገቡ፤ አለዚያ በወረቀት ላይ ነፃ የሚመስለው ኮሪደር በግንባታ ጊዜ ይሞላል። የተገኘው ግጭት የሚስተካከለው በባለቤቱ ፋይል ውስጥ ነው፤ ችግሩ የአርክቴክቱ ወይም የስትራክቸሩ ከሆነ ሥዕሉ፣ ቦታውና ጥያቄው ተያይዞ ይላክ፤ በቴሌግራም ድምፅ ብቻ የተነገረ ለውጥ እንዳልተነገረ ይቆጠር።

8. ሳምንታዊ ጥገና፣ ማገገምና መዝገብ

ዓርብ ከሰዓት በኋላ አንድ ኃላፊ ሁሉም አመሳስለው ከወጡ በኋላ ማዕከላዊውን ፋይል በ«ኦዲት» ይክፈት፣ ሲያመሳስልም «ኮምፓክት» የሚለውን ይምረጥ፤ ከዚያ ከማዕከላዊው የተለየ ቅጂ በቀን ስም በመዝገብ ያስቀምጥ። ማስጠንቀቂያዎችን ሁሉ ማጥፋት አይቻልም፤ በአንድ ቦታ ላይ የተደራረቡ ዕቃዎችንና ያልተገናኙ ኮኔክተሮችን የሚጠቁሙት ግን በዚያው ሳምንት ይወገዱ፤ የመጀመሪያው የዕቃ ዝርዝርን፣ ሁለተኛው ስሌትን ያዛባል። «ፐርጅ» ጠቃሚ ቢሆንም በመነሻ ደረጃ አይቸኮልበት፤ ገና ጥቅም ላይ ያልዋሉ የቴምፕሌቱን ፋሚሊዎችና ዓይነቶች አብሮ ይጠርጋል።

ማመሳሰል መሀል ላይ ተቆርጦ ማዕከላዊው ፋይል አልከፈት ካለ ማንም ሰው ለመሞከር አይሩጥ። ሁሉም ሥራ ያቁም፤ በስሙ መጨረሻ «ባክአፕ» የሚል ቃል ያለበት ፎልደርም አይነካ። የመጨረሻውን የተሟላ ማመሳሰል ያደረገው ሰው ሎካል ቅጂ ከማዕከላዊው ተለይቶ ይከፈት፣ ይፈተሽ፣ በአዲስ ማዕከላዊ ፋይልነት በቀድሞው ቦታ ይቀመጥ፤ የተበላሸው ስሙ ተቀይሮ ይቀመጥ እንጂ አይጥፋ። የሌሎቹ አሮጌ ሎካል ቅጂዎች ከአዲሱ ጋር ስለማይገናኙ ይወገዱ፣ ያልተመሳሰለ ሥራ ያለው ሰው ግን የራሱን ቅጂ ለብቻው ከፍቶ ወደ አዲሱ በኮፒ ያስተላልፍ።

ለጨረታ ወይም ለግንባታ ሲረከብ የሬቪቱ ፋይል ብቻውን አይበቃም፤ ከዓመታት በኋላ ያንን ሥሪት የሚከፍት ሰው ላይኖር ይችላል። ፒዲኤፍና አይኤፍሲ አብረው ይውጡ፤ አይኤፍሲው በሌላ መመልከቻ ተከፍቶ የፓናል ስሞች፣ የቧንቧ ዲያሜትሮችና የፍሰት ቁጥሮች መውጣታቸው ይረጋገጥ፤ ካልወጡ የመላኪያ ቅንብሩ ተስተካክሎ ይደገም። የወሰን ነጥቦቹ መዝገብም ከፋይሎቹ ጋር በአንድ ፎልደር ይግባ፤ የስድስቱን ፋይሎች ቁጥሮች የሚያያይዝ ሌላ ሰነድ የለም።